እህሉን ራስ ማስፈጨት፦ የኮንቴይነር ሞተርን ከምንጩ ገንብቶ በሊኑክስ ላይ መጫን

በመጠለያ ጣቢያችን የኮምፒዩተር ትምህርት የጀመሩ፣ አልፈውም ድረ ገጽና ፕሮግራም በመሥራት ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን ለመደጎም የሚጥሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚሠሩት ሊኑክስ በተባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ሲሆን፣ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «አሠሪው በኮንቴይነር ሥሩ ይለናል፤ በማሽናችን ላይ በቀላሉ የሚገኘው የኮንቴይነር ሞተር ግን አሮጌ ነው። አዲሱን ከምንጩ ገንብተን መጫን እንችላለን ወይ?» የሚል ነው። መልሱ አዎ ነው፤ ሆኖም አካሄዱን ሳያውቁ የገቡበት እንደሆነ ጉዳቱ ለራስ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም ይተርፋል።

ይህም የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ለኢንተርኔት የምንገዛው ዳታ ከቤት ወጪ ተቀንሶ የሚገኝ ነው፤ በከንቱ የወረደ ፋይል ከድስት እንደጎደለ ዘይት ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ አንዱን ላፕቶፕ የሚጠቀምበት አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የአንዱ የትምህርት ማስረጃ ቅጂ፣ የሌላዋ የሥራ ማመልከቻ፣ የሦስተኛው ስለ ጉዳዩ የጻፈው ደብዳቤ በአንድ ዲስክ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሞተሩ በተሳሳተ መንገድ ከተጫነ የአንዱን ሰነድ ሌላው ሊያየው፣ ሊያጠፋውም ይችላል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ዳታውንና የጋራ ማሽኑን ደኅንነት፣ ሳንዘነጋ እርምጃዎቹን እንመለከታለን።

ኮንቴይነር ስንል ምን ማለታችን ነው?

በሞምባሳ ወደብ በኩል ገብቶ በከባድ መኪና የሚመጣውን የብረት ሣጥን የማያውቅ የመጠለያ ጣቢያ ነዋሪ የለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪናዎች ባለቤት 58 እንዲህ ያሉ ሣጥኖችን «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ላከ። ከዚያ በፊት ዕቃ የሚጫነው ጆንያ በጆንያ፣ በርሜል በበርሜል ነበር። የሣጥኑ መጠን አንድ ዓይነት ሲሆን ግን መርከቡም፣ ክሬኑም፣ መኪናውም በውስጡ ምን እንዳለ ሳይጠይቁ ያነሡታል፤ ያወርዱታል።

በኮምፒዩተር ዓለምም ስሙ የተወሰደው ከዚሁ ነው። አንድ ፕሮግራም ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ሁሉ ይዞ በአንድነት ሲታሸግ የታሸገው ጥቅል «ኢሜጅ» ይባላል። ጥቅሉ ተከፍቶ ሥራ ሲጀምር ደግሞ «ኮንቴይነር» እንለዋለን። ናይሮቢ የታሸገው እኛ ዘንድ በሚገኘው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንደዚያው ይሠራል፤ «በእኔ ማሽን ላይ ይሠራ ነበር» የሚለው የፕሮግራመሮች ጭቅጭቅ በእጅጉ የቀነሰው በዚህ ነው።

ኮንቴይነር ራሱን የቻለ ሌላ ኮምፒዩተር ነው ማለት ግን አይደለም። በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ቤተሰቦች በሸራ ተከፋፍለው ሲኖሩ አስቡ፤ ጣሪያው አንድ ነው፣ መጋረጃው ግን የየራስ ነው። ጣሪያው የሊኑክስ እምብርት የሆነው «ከርነል» ነው። መጋረጃውን የሚዘረጋውም ይኸው ከርነል ሲሆን ሁለት መሣሪያ አለው። «ኔምስፔስ» የሚባለው አንድ ፕሮግራም ምን ምን ማየት እንደሚችል ይወስናል። «ሲግሩፕ» የሚባለው ደግሞ ምን ያህል ሜሞሪና የፕሮሰሰር ጊዜ እንደሚደርሰው ይሰፍርለታል፤ ይህ ሁለተኛው ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባው እ.ኤ.አ. በጥር 2008 በወጣው 2.6.24 ነው። መጋረጃ ግን መጋረጃ ነው፤ የድንጋይ ግድግዳ አይደለም። ይህን ኋላ እንመለስበታለን።

«የኮንቴይነር ሞተር» የምንለው እንግዲህ ኢሜጁን የሚያወርደው፣ የሚከፍተውና ከርነሉን «መጋረጃ ዘርጋልኝ» ብሎ የሚያዝዘው ፕሮግራም ነው። ከሞተሮቹ እጅግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ሰለሞን ሃይክስ ለሕዝብ ያሳየው «ዶከር» ነው፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ የወደብ ጫኝና አውራጅ ማለት ነው። ሌላው በሬድ ሃት ኩባንያ መሐንዲሶች የተጀመረው «ፖድማን» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለኢሜጆችና ለሞተሮች የጋራ ደረጃ የሚያወጣ ኅብረት ስለተቋቋመ በአንዱ የታሸገው በሌላው ይከፈታል። በመሆኑም አሠሪያችሁ ዶከር ቢጠቀምና እናንተ ፖድማን ብትጠቀሙ አብዛኛው ሥራ ይግባባል።

በጋራ ማሽን ላይ የትኛው ይሻላል?

ዶከር በተለመደው አጫጫን ከበስተጀርባ ዘወትር የሚሠራ አገልጋይ ፕሮግራም አለው። ይህ አገልጋይ የሚሠራው የማሽኑ የበላይ አዛዥ በሆነው በ«ሩት» ሥልጣን ነው። ተጠቃሚዎች እንዲያዝዙት «ዶከር» በተባለው ቡድን ውስጥ ስማቸው ይገባል። ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ በዚያ ቡድን ውስጥ መግባት የሩትን ቁልፍ ከመያዝ ጋር አንድ መሆኑን ነው። የቡድኑ አባል የሆነ ሰው መላውን ዲስክ ወደ ኮንቴይነሩ አስገብቶ የማንንም ሰነድ ማንበብ፣ መለወጥና ማጥፋት ይችላል። ይህንን የዶከር አዘጋጆች ራሳቸው በመመሪያቸው ያስጠነቅቃሉ።

ፖድማን ግን ቋሚ አገልጋይ የለውም። ያስነሣው ተጠቃሚ ባለው ሥልጣን ልክ ይሠራል፤ ተራ ተጠቃሚ ካስነሣው የተራ ተጠቃሚን ሥልጣን አያልፍም። ዶከርም ቢሆን ያለ ሩት የሚሠራበት መንገድ ከ2020 ጀምሮ በሙሉ ደረጃ አለው፤ ሳይነገር መቅረት የለበትም። ሆኖም ዶከርን ከምንጩ ለመገንባት የተለመደው መንገድ አስቀድሞ ዶከር በማሽኑ ላይ እንዲኖር ይጠይቃል። ለአንድ ላፕቶፕ ለብዙ ተጠቃሚ፣ ከባዶ ለሚነሣም ሰው፣ ፖድማን የተሻለ ሆኖ ስላገኘነው ከዚህ በታች የምንገልጸው እርሱን ነው።

ለምን ከምንጩ?

በብዙ መጠለያ ጣቢያዎች በቆሎና ማሽላ ሳይፈጭ በጥሬው ይታደል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ዱቄት ሲሰጥ ሥራ ያቀላል፤ ግን መቼ እንደተፈጨና ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። እህሉን በጥሬው ያገኘ ሰው ለቅሞና አበጥሮ እንደ ፍላጎቱ ያስፈጫል፤ የወፍጮውን ዋጋ ግን ራሱ ይከፍላል። የኮምፒዩተር ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ሰዎች የጻፉት የሚነበበው ጽሑፍ «ምንጭ ኮድ» ይባላል፤ ይህ እህሉ ነው። ኮምፓይለር የሚባለው ወፍጮ ያንን ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ ይለውጠዋል። «ፓኬጅ» የሚባለው ደግሞ ሌሎች ፈጭተው ያዘጋጁት ዱቄት ነው።

ዱቄቱ የሚያረጅበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ ከኡቡንቱ 22.04 ጋር የሚመጣው ፖድማን 3.4 ነው። ከዴቢያን 12 ጋር የሚመጣው 4.3 ነው። ፖድማን 5.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ስለሆነ በእነዚህ ላይ ያለ ሰው አዲሱን በፓኬጅ አያገኝም። ከምንጩ መገንባት የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በአንጻሩ ዴቢያን 13 ያለው ሰው ፖድማን 5.4ን በተዘጋጀ ፓኬጅ ያገኘዋል። ለእርሱ ከምንጭ መገንባት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው፤ ለትምህርት ካልሆነ በቀር አያስፈልገውም።

ከመነሣታችን በፊት የሚረጋገጡ

ትእዛዞቹን እንደሚነገሩ በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ በማሽኑ ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ በትንሹ የፊደል ቅርጽ እንደሚጻፉ አትርሱ።

1ኛ. የማሽኑ ዓይነት። «ዩኔም» ብላችሁ ቦታ ትታችሁ ሰረዝና «ኤም» ጻፉ። መልሱ መጨረሻው ላይ 64 ካለበት መልካም ነው። አሮጌ ባለ 32 ቢት ማሽን ከሆነ ለእርሱ የታሸገ ኢሜጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነውና ድካሙ አያዋጣም።

2ኛ. የከርነሉ ዕድሜ። «ዩኔም» ቦታ፣ ሰረዝ «አር» ብትሉ ቁጥሩን ይነግራችኋል። 5.11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተራ ተጠቃሚ የኢሜጁን ንብርብሮች ያለ ሩት መደራረብ ይችላል። ከዚያ በታች ከሆነ «ፊውዝ ኦቨርሌይ ኤፍኤስ» የሚባል ረዳት መጨመር ያስፈልጋል።

3ኛ. የሲግሩፕ ትውልድ። «ሲስ»፣ ቀጥሎ «ኤፍኤስ»፣ ቀጥሎ «ሲግሩፕ» በሚባሉት አቃፊዎች ውስጥ ግቡ። እዚያው «ሲግሩፕ ነጥብ ኮንትሮለርስ» የሚል ፋይል ካገኛችሁ ማሽኑ ሁለተኛውን ትውልድ ይጠቀማል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

4ኛ. የተጠቃሚ ቁጥሮች። «ኢቲሲ» በሚባለው አቃፊ ውስጥ «ሰብዩአይዲ» እና «ሰብጂአይዲ» የተባሉ ሁለት ፋይሎች አሉ። በእነርሱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ 65536 ቁጥሮች ይመደባሉ። ለምሳሌ ለመጀመሪያው ከ100000 የሚነሣ፣ ለሁለተኛው ከ165536 የሚነሣ ይሆናል። የሁለት ሰዎች ቁጥር ከተደራረበ በመካከላቸው ያለው መጋረጃ ተቀደደ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ።

5ኛ. ባዶ ቦታ። ለምንጩ፣ ለግንባታውና ለኢሜጆች በአንድነት 5 ጊጋባይት ያህል ብትተዉ አትቸገሩም።

ዕቃ ማሰባሰብ፤ ዳታም መቆጠብ

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ለግንባታው ብቻ የሚሆኑ ናቸው፦ «ጊት»፣ «ሜክ»፣ የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር፣ «ፒኬጂ ኮንፊግ»፣ የ«ጎ» ቋንቋ ኮምፓይለር፣ እንዲሁም «ጂፒጂኤምኢ»፣ «ሴክኮምፕ» እና «ሲስተምዲ» የተባሉ ላይብረሪዎች ከነማበልጸጊያ ፋይሎቻቸው። ሁለተኞቹ ሞተሩ ሲሠራ ዘወትር የሚጠራቸው ረዳቶች ናቸው። ኮንቴይነሩን የሚጠብቀው «ኮንሞን»፣ ኮንቴይነሩን የሚያስነሣው «ክረን» ወይም «ረንሲ»፣ ኔትዎርኩን የሚያገናኙት «ኔታቫርክ» እና «ፓስታ»፣ ቁጥሮቹን የሚያዛውረው «ኒውዩአይዲማፕ» ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ረዳቶቹ ከሞተሩ ጋር ዕድሜያቸው መመጣጠን አለበት። በአሮጌ ሊኑክስ ላይ ኔታቫርክና ፓስታ በፓኬጅ ላይገኙ ይችላሉ። ያን ጊዜ እነርሱንም ከምንጫቸው መገንባት ግድ ይሆናል፤ ኔታቫርክ ደግሞ በ«ረስት» ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ሌላ ኮምፓይለር ይጠይቃል። ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። አንዳንድ ጊዜ ሊኑክሱን በሞላው ወደ አዲሱ ማሳደግ በዳታም በጊዜም ይረክሳል።

ምንጩን በማውረድ ረገድ ይህ ጸሐፊ ከራሱ ስሕተት የተማረው አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክር «ጊት ክሎን» ብሎ ብቻ አዘዘ። ጊትም ዛሬ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ፕሮጀክቱ ከተጀመረ ጀምሮ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ ማውረድ ያዘ፤ ከመጨረሱ በፊት የሳምንቱ ዳታ አለቀ። መፍትሔው ቀላል ነበር። በትእዛዙ ላይ «ሁለት ሰረዝ ዴፕዝ 1» ሲጨመርበትና የሚፈለገው እትም ቁጥር በ«ሁለት ሰረዝ ብራንች» ሲነገረው የዚያን እትም ጽሑፍ ብቻ ያመጣል።

ሁለተኛ ወጥመድ የጎ ኮምፓይለር ነው። ጎ ከ1.21 ጀምሮ (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023) ምንጩ ከእርሱ የበለጠ አዲስ እትም ከጠየቀው ሳያስፈቅድ ራሱን ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ይህም ከ60 ሜጋባይት በላይ ነው። ይህን ለመከልከል «ጎቱልቼይን» የተባለውን ተለዋዋጭ በትልቁ ፊደል ጽፋችሁ «ሎካል» በሉት። ከዚያም በምንጩ አቃፊ ውስጥ «ጎ ነጥብ ሞድ» የሚለውን ፋይል ክፈቱና የሚፈልገውን የጎ እትም ካላችሁ ጋር አስተያዩ።

ደስ የሚያሰኘው ነገር ደግሞ የፖድማን ምንጭ የሚያስፈልጉትን የጎ ላይብረሪዎች «ቬንደር» በሚባል አቃፊ ውስጥ ይዞ መምጣቱ ነው። ምንጩና ዕቃዎቹ አንድ ጊዜ ከተገኙ ግንባታው ያለ ኢንተርኔት ይካሄዳል። ስለሆነም አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ለሌሎች ቢያካፍል የብዙ ሰው ወጪ ይድናል። ፍላሽ ግን ፋይል ያበላሻል፣ ቫይረስም ያዛውራል። ያወረደው ሰው ምንጩን በአንድ ፋይል አሽጎ «ሻ256ሰም» በሚለው ትእዛዝ የፋይሉን መለያ ያውጣና በወረቀት ይጻፈው። ተቀባዩም በራሱ ማሽን አውጥቶ ያመሳክር። አንዲት ፊደል ከተለየች ፋይሉ ያው አይደለምና አትጠቀሙበት።

ግንባታው

ከምንጩ አቃፊ ውስጥ ሆናችሁ «ሜክ» ብላችሁ እዘዙ። ይህን የምታደርጉት በተራ ተጠቃሚ ስም ነው፤ በሩት አትገንቡ። የማሽኑ ሜሞሪ ጠባብ ከሆነ «ጎፍላግስ» የተባለውን ተለዋዋጭ «ሰረዝ ፒ እኩል ይሆናል 1» ብትሉት ሥራውን አንድ በአንድ ያከናውናል። ይዘገያል፤ ማሽኑ ግን አይታነቅም። መካከል ላይ መብራት ቢጠፋ ተስፋ አትቁረጡ፤ ጎ የጨረሰውን ስለሚያስቀምጥ እንደገና «ሜክ» ስትሉ ከባዶ አይጀምርም።

ሴክኮምፕ የተባለው ላይብረሪ ካልተገኘ ግንባታው ስሕተት አለ ብሎ ይቆማል። በዚህ ጊዜ አንዳንዶች «ቢልድታግስ» ከሚባለው ዝርዝር ውስጥ የሴክኮምፕን ስም አውጥተው ይገላገላሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ሴክኮምፕ ኮንቴይነሩ ከርነሉን ሊጠይቅ የማይገባውን ጥያቄ የሚያግድ ዘበኛ ነው። ዘበኛውን አሰናብቶ በሩ ተከፈተልኝ ብሎ መደሰት አይገባም፤ ላይብረሪውን ፈልጋችሁ ጫኑ።

ግንባታው ሲያልቅ በፓኬጅ የተጫነ አሮጌ ፖድማን ካለ አስቀድማችሁ አንሡት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ካሉ የትኛው እንደሚሠራ ግራ ያጋባል። ከዚያ በኋላ ብቻ «ሱዶ ሜክ ኢንስቶል» በሉ። ፋይሎቹ የሚገቡት «ዩኤስአር ሎካል» ወደሚባለው ቦታ ነው። ፓኬጆች የሚቀመጡበት ከዚህ የተለየ ስለሆነ እርስ በርስ አይነካኩም።

ሙከራ

«ፖድማን ኢንፎ» ብላችሁ እዘዙ። ከሚወጣው ረጅም ዝርዝር ውስጥ «ሩትለስ» በሚለው አንጻር «ትሩ» የሚል፣ በሲግሩፕ አንጻር «ቪ2» የሚል ማየት አለባችሁ። ቀጥሎ «አልፓይን» የሚባለውን ትንሽ ኢሜጅ አስነሡ፤ ሲወርድ ከ10 ሜጋባይት በታች ስለሆነ ለሙከራ ይመቻል። ስሙን በአጭሩ ሳይሆን ከነመገኛው፣ ማለትም «ዶከር ነጥብ አይኦ» ከሚለው ጀምራችሁ፣ በሙሉ ጻፉት።

የሚያጋጥሙ ችግሮች ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው። «ፖሊሲ ነጥብ ጄሰን አልተገኘም» ካለ በኢቲሲ ሥር «ኮንቴይነርስ» በተባለው አቃፊ ውስጥ ያ ፋይል ስለሌለ ነው። «ኒውዩአይዲማፕ» ብሎ ካማረረ ያ ረዳት አልተጫነም። የተጠቃሚ ቁጥሮቹን ዘግይታችሁ ያስተካከላችሁ ከሆነ ደግሞ «ፖድማን ሲስተም ማይግሬት» ካላላችሁ አዲሱን አይቀበልም።

ኢሜጅም እንደ ምንጩ ይካፈላል። «ፖድማን ሴቭ» ኢሜጁን በአንድ ፋይል ያሽገዋል፤ በሌላው ማሽን «ፖድማን ሎድ» ይከፍተዋል። ይህ ዳታ ከመቆጠብ ሌላ ጥቅም አለው። ዶከር ሃብ የተባለው ዋና የኢሜጆች ግምጃ ቤት ከኅዳር 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስሙን ሳይነግረው የሚያወርደውን ሰው በኢንተርኔት አድራሻው ይገድበዋል። በማሠልጠኛ ክፍል በአንድ መስመር የሚጠቀሙ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ስለሚቆጠሩ አንዱ ሲያበዛ ሌላው ይከለከላል።

ከተጫነ በኋላ ያለው ኃላፊነት

መጋረጃ ግድግዳ አይደለም ብለን ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 «ረንሲ» በተባለው ረዳት ውስጥ ከኮንቴይነር ሾልኮ ወደ ዋናው ማሽን ለመውጣት የሚያስችል ቀዳዳ መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ በ1.1.12 እትምም ተደፈነ። በፓኬጅ የጫኑ ሰዎች የተለመደውን እድሳት ሲያደርጉ ቀዳዳው ተዘጋላቸው። ረንሲን በእጃቸው የገነቡ ግን ማንም አያድስላቸውም፤ አዲሱን ምንጭ አምጥተው ራሳቸው እንደገና መገንባት ነበረባቸው። ከምንጭ መገንባት ነፃነት ነው ሲባል ይህን ዕዳ ጭምር ማለት ነው።

ስለዚህ በጋራ ማሽን ላይ የምትገነቡ ወገኖች አንድ ደብተር ከማሽኑ ጋር አኑሩ። የተገነባበትን ቀን፣ የሞተሩንና የረዳቶቹን እትም ቁጥር፣ የፋይሉን መለያ፣ የተጠቀማችሁባቸውን አማራጮች ጻፉበት። የምንጩን አቃፊም አትደምስሱ፤ ሞተሩን ማንሣት ሲያስፈልግ «ሜክ አንኢንስቶል» የሚሠራው ከዚያው ነው። አዳዲስ እትሞችን የሚከታተሉ ቢያንስ ሁለት ሰዎች መድቡ። በእኛ ኑሮ የዛሬው ኃላፊ ነገ ወደ ሌላ ካምፕ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር ሊሄድ ይችላል፤ እውቀቱ አብሮት ከሄደ የሚቀረው ማንም የማያድሰው፣ ቀን የሚጠብቅ ቀዳዳ ያለበት ማሽን ነው።

በግንባታው መካከል ያቆማችሁ ነገር ካለ ማሽኑ የሰጠውን የስሕተት መልእክት ሳታሳጥሩ እንዳለ ገልብጣችሁ ለዝግጅት ክፍላችን አድርሱን፤ ለብዙዎች የሚጠቅመውን በሚቀጥለው እትም እናቀርባለን።

ቸር እንሰንብት።